ከአልጋው በፊት የጤና ጣቢያው ምርመራ ክፍል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

በጋዜጣችሁ ስለ አእምሮ ጤና የሚወጡትን ጽሑፎች አንድም ሳላስቀር አነባለሁ፤ ጉዳዩ ከቤተሰብ ምሥጢርነት ወጥቶ የአደባባይ መነጋገሪያ መሆኑም ከልብ ያስደስተኛል። ሆኖም በጽሑፎቹ መጨረሻ የሚቀርበው ጥያቄ ዘወትር አንድ ነው፤ ሆስፒታል ይጨመር፣ አልጋ ይጨመር፣ ስፔሻሊስት ይጨመር የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን መሀል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት ለብዙ ዓመታት ተመላላሽ ታካሚዎችን ስመረምር የኖርሁ ሰው ነኝና፣ አብዛኞቹ የአእምሮ ሕመምተኞች የሚገኙት አልጋ ከሚጠብቁት መካከል ሳይሆን ከእኛው ካርድ ክፍል ፊት ከተሰለፉት መካከል መሆኑን አውቃለሁ። ይህን እውነት በቁጥርና በማስረጃ ያሳዩት፣ የሥራ ዘመናቸውንም በአብዛኛው በዚሁ ጉዳይ ላይ ያዋሉት እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪምና ተመራማሪ ፕሮፌሰር ሰር ዴቪድ ጎልድበርግ ናቸው። በዚህ ደብዳቤ የእሳቸውን ሥራ መነሻ አድርጌ፣ የከተማችን ጤና ቢሮ ሊመልሰው ይገባል የምለውን ጥያቄ አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎልድበርግ በ1934 ተወልደው፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና በለንደኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ሕክምና ተምረው፣ በደቡብ ለንደን በሚገኘው በሞድስሊ ሆስፒታል በሥነ አእምሮ ሕክምና ሠልጥነዋል። ሞድስሊ በሰር ኦብሪ ልዊስ ዘመን የእንግሊዝ የሥነ አእምሮ ምርምር ዋና ማዕከል ነበር። እዚያው ይሠሩ የነበሩት ማይክል ሼፐርድና ባልደረቦቻቸው በ1966 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሐኪሞች እስከዚያ ድረስ ትኩረት ያልሰጡትን ነገር አወጣ። በለንደን ከሚገኙ የጠቅላላ ሐኪሞች ክሊኒኮች በተሰበሰበው መረጃ መሠረት፣ ከተመዘገቡት አዋቂዎች መካከል 14 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአእምሮ ጋር በተያያዘ ሕመም ምክንያት ሐኪማቸው ዘንድ ቀርበው ነበር። ከእነዚህም ወደ አእምሮ ሐኪም የተላኩት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ውጤቱ ከሐኪም ሐኪም እጅግ ይለያይ ነበር፤ አንዱ ከታካሚዎቹ ብዙዎቹን የአእምሮ ሕመምተኞች ናቸው ሲል፣ በአቅራቢያው ያለው ሌላው ግን እንዲህ ያለ ሕመም እምብዛም አያጋጥመኝም ይላል። ለመሆኑ የተለያዩት ታካሚዎቹ ናቸው ወይስ ሐኪሞቹ? ለዚህ መልስ ለማግኘት በሐኪሙ አስተያየት ላይ የማይመሠረት መለኪያ ያስፈልግ ነበር።

ወጣቱ ጎልድበርግ ያን መለኪያ ሠሩ። በ1972 ሙሉ ማብራሪያው የታተመው አጠቃላይ የጤና መጠይቅ ታካሚው ወረፋውን እየጠበቀ በራሱ የሚሞላው ሲሆን፣ መጀመሪያ 60 ጥያቄዎች ነበሩት፤ ኋላ ላይ 30፣ 28 እና 12 ጥያቄዎች ያሏቸው አጫጭር ቅጂዎች ወጡለት። የመጠይቁ ትልቁ ብልኃት ቀላልነቱ ነው። ስለ እብደት አይጠይቅም፤ ሰውየው ሰሞኑን ከጭንቀት የተነሣ እንቅልፍ አጥቶ እንደሆነ፣ በሚሠራው ነገር ላይ ሐሳቡን መሰብሰብ ችሎ እንደሆነ፣ ከዕለት ተዕለት ኑሮው ደስታ ያገኝ እንደሆነ ይጠይቃል። መልሱም «ከወትሮው የተሻለ»፣ «እንደ ወትሮው»፣ «ከወትሮው የባሰ» እና «ከወትሮው እጅግ የባሰ» በሚል ደረጃ ይሰጣል። በዚህ መንገድ የዕድሜ ልክ ጠባይ ሳይሆን በቅርቡ የመጣ ለውጥ ይለካል። ጉድለትም አለበት፤ ለብዙ ዓመት የተሠቃየ ሰው ሥቃዩ ራሱ ወትሮው ስለሚሆንበት «እንደ ወትሮው» ብሎ ሊመልስና ሊያልፍ ይችላል። አሥር ዓመት ሙሉ ሌሊት ሳይተኙ ያደሩ እናት «እንደ ሁልጊዜው ነው ልጄ» ሲሉ የሰማ የጤና ባለሙያ ይህ ጉድለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይረዳል።

ጎልድበርግ ይህንኑ መጠይቅ ይዘው ከባሪ ብላክዌል ጋር በአንድ የጠቅላላ ሐኪም ክሊኒክ በተከታታይ የመጡ 553 ታካሚዎችን መረመሩ፤ ውጤቱም በ1970 ታተመ። ብላክዌል ራሳቸው በሥነ አእምሮ የሠለጠኑ ሐኪም ስለነበሩ ምንም አያመልጣቸውም ተብሎ ሊታሰብ ይችል ነበር። የተገኘው ግን ከሕመምተኞቹ ሢሶው ያህል ሳይታወቁ ያለፉ መሆናቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ ሆዳቸው፣ ስለ ራሳቸው፣ ስለ ወገባቸው ሊነግሩ መጥተው ስለ ሆዳቸው፣ ስለ ራሳቸውና ስለ ወገባቸው ብቻ ታክመው ይሄዱ ነበር። ጎልድበርግ «የተሰወረ ሕመም» ያሉት ይህን ነው። በእኔ አስተያየት ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለአገራችን ይበልጥ የሚያስፈልገው ይህ ግኝት ነው።

በዚያው በ1972 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ፕሮፌሰርነት ተሰጣቸው፤ በከተማዪቱም ለሃያ ዓመታት ያህል አስተማሩ፣ መረመሩ፣ አከሙ። በ1980 ከማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪው ከፒተር ሃክስሊ ጋር ባሳተሙት ሥራ፣ አንድ ሕመምተኛ ከቤቱ ተነሥቶ አእምሮ ሆስፒታል አልጋ ላይ እስኪተኛ ድረስ የሚያልፍባቸውን አምስት ደረጃዎችና በመካከላቸው ያሉትን አራት ወንፊቶች ገለጹ። ቁጥሮቹን እንዳሉ ላስቀምጣቸው። በዚያን ጊዜው እንግሊዝ ከ1,000 ሰዎች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ 250 ያህሉ የአእምሮ ሕመም ያጋጥማቸዋል። ከእነዚህ 230 ያህሉ በአንድም በሌላም ምክንያት ጠቅላላ ሐኪማቸው ዘንድ ይቀርባሉ። ሐኪሙ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው የሚያውቀው ግን የ140ዎቹን ብቻ ነው። ወደ አእምሮ ሐኪም የሚደርሱት 17፣ አልጋ ይዘው የሚተኙት ደግሞ 6 ናቸው።

እነዚህን ቁጥሮች በእርጋታ የሚያነብ ሰው የሚያየው ይህን ነው፤ በመጀመሪያው ወንፊት የሚቀሩት 20 ብቻ ሲሆኑ፣ በሁለተኛው ወንፊት፣ ማለትም ሕመምተኛውና ባለሙያው ፊት ለፊት ተቀምጠው እየተነጋገሩ ሳለ፣ 90 ሰዎች ይቀራሉ። ሰዎቹ መጥተዋል፤ ተመዝግበዋል፤ ተመርምረዋል፤ ሕመማቸው ግን አልታየም። በጋዜጣም በስብሰባም ዘወትር የምንከራከረው በመጨረሻው ወንፊት ስለሚያልፉት 6 ሰዎች ነው፤ የሁለተኛው ወንፊት 90 ሰዎች ግን የሚከራከርላቸው የለም። የእኛ ቁጥር ከእንግሊዝ ቁጥር እንደሚለይ አያጠራጥርም፤ የነገሩ አካሄድ ግን ዕለት በዕለት የማየው ነው።

እዚህ ላይ የከተማችንን ልማድ ልናገር። አንዲት ሴት ደረቴን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ይወጋኛል፣ ሌሊት እነቃለሁ፣ ሰውነቴ ይደክማል ብላ ትመጣለች። ለታይፎይድና ለታይፈስ ደም ትሰጣለች፤ ሰገራዋ ለኤች ፓይሎሪ ይመረመራል። አንዱ ወይም ሌላው «ፖዘቲቭ» ይባልና አንቲባዮቲክና ኦሜፕራዞል ታዝዞላት ትሄዳለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንኑ ሕመም ይዛ ትመለሳለች፤ ወይም የጤና ጣቢያው መድኃኒት አልሠራልኝም ብላ ወደ ግል ክሊኒክ ሄዳ ያንኑ ምርመራ በብዙ እጥፍ ገንዘብ ትደግመዋለች። ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ እህል አልወርድልሽ ብሎ እንደሆነ፣ በሕይወት ከመኖር ሞትን ተመኝታ እንደሆነ ማንም አይጠይቃትም። ባልደረቦቼ ክፉዎች ወይም ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ባለሙያ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሁለት ሰው በሚመረምርበት፣ በሩ በየደቂቃው በሚከፈትበት፣ ከውጭ ያለው ወረፋ በሚያጉረመርምበት ሁኔታ አንዲት መበለት ስለ ሐዘኗ እንድትናገር መጠበቅ ከባድ ነው።

ጎልድበርግ ግን ጉዳዩን የጊዜ እጥረት ነው ብለው አልተዉትም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከባልደረቦቻቸው ጋር የጠቅላላ ሐኪሞችን ምርመራ እየተከታተሉ፣ አንዱ ሐኪም የተሰወረውን ሕመም የሚያገኘው ሌላው የሚስተው ለምን እንደሆነ አጠኑ። ሁለት ነገሮችን ለያዩ፤ ሐኪሙ ሰዎችን የአእምሮ ሕመምተኛ የማለት ዝንባሌው አንድ ነገር ነው፤ ፍርዱ ትክክል መሆኑ ደግሞ ሌላ። ብዙ ሰው «ጭንቀት ነው» የሚል ሐኪም የግድ ትክክለኛ ሐኪም አይደለም። ትክክለኛ የሆኑት ሐኪሞች የሚጋሩት ጠባይ ለማመን በሚያስቸግር ሁኔታ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ታካሚው ሲገባ ቀና ብለው ዓይኑን ያዩታል፤ ሲናገር ካርዱን አያነቡም፣ አይጽፉም፤ የመጣበትን ሕመም መጀመሪያ በሚገባ ያጣራሉ፤ በንግግሩ መካከል ጣል የሚያደርጋትን ፍንጭ፣ የድምፁን መሰበር፣ የፊቱን መጥቆር አያልፉም፤ ከዚያም ስለ ስሜቱ በግልጽ ይጠይቁታል። ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ሥራ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ግን ልምምድ ነው።

ልምምዱን ማስተማር እንደሚቻልም አሳዩ። በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና በነበሩበት ጊዜ በሥልጠና ላይ ያሉ የቤተሰብ ሐኪሞች የራሳቸውን ምርመራ መልሰው እያዩ ሲታረሙ ሕመሙን የመለየት ትክክለኛነታቸው እንደሚሻሻል በ1980 አሳተሙ፤ ማንቸስተር ሲመለሱም ይህንኑ በቪዲዮ የሚሰጥ ሥልጠና ከባልደረቦቻቸው ጋር አስፋፉ። ትምህርቱ በአዳራሽ የሚሰጥ ገለጻ እንዳልነበረ ልብ ይባልልኝ። ሐኪሙ ከእውነተኛ ታካሚ ጋር ያደረገውን ንግግር ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ያያል፤ ቴፑ ይቆማል፤ «እዚህ ላይ ምን አለችህ? አንተስ ምን መለስህላት?» ይባላል። በእኛ አገር ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጠው የአእምሮ ጤና ሥልጠና፣ መልካም ሐሳብ ቢኖረውም፣ በአብዛኛው ለጥቂት ቀናት በሆቴል አዳራሽ ተሰጥቶ፣ የምስክር ወረቀት ታድሎ የሚያበቃ ነው። ሠልጣኙ ወደ ጠባቡ ክፍሉ ሲመለስ አጠገቡ ቆሞ «እስቲ አብረን እንያት» የሚለው ሰው የለም። ከዚያም ባለሙያው ይዛወራል፤ በቦታው የሚመጣው ሥልጠናውን ያላገኘ ነው።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለአዲስ አበባ ጤና ጣቢያ የተሠራ የሚመስለኝ በ1989 ከሊንዳ ጋስክና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ያቀረቡት ዘዴ ነው። ዘዴው ሕመሙን በአካሉ ላይ ብቻ የሚያየውን ታካሚ፣ ሳይዋሹበትና ሳያዋርዱት፣ ሕመሙ ከሕይወቱ ጋር ያለውን ግንኙነት እንዲያይ መርዳት ነው። መጀመሪያ ሕመሙ በቁም ነገር ይሰማል፤ አካሉም በእጅ ይመረመራል። «ምንም የለብህም» ማለት ክልክል ነው፤ ምክንያቱም ሕመሙ አለ። ቀጥሎ ንግግሩ ይሰፋል፤ ምርመራው ያሳየውና ያላሳየው ይነገረዋል፣ ስለ እንቅልፉና ስለ ኑሮው የነገረንም ይጠቀስለታል። በመጨረሻ ሁለቱ ይያያዛሉ፤ ጭንቀት ጡንቻን እንዴት እንደሚያጠብቅ፣ የጠበቀ ጡንቻም እንዴት ራስን እንደሚያሳምም በሚገባው ቋንቋ ይብራራለታል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሥልጠና በኋላ የፈተኑ ጥናቶች በሐኪሙና በታካሚው መካከል ያለውን ንግግር ቢያሻሽልም የታካሚዎቹን ጤና በሚጠበቀው መጠን እንዳላሻሻለ አሳይተዋል። ስለዚህ ብቻውን መድኃኒት ነው አልልም። ነገር ግን «ጨጓራ ነው» ተብላ ለአራተኛ ጊዜ ኦሜፕራዞል የምትቀበል ሴት ባለችበት ከተማ፣ ንግግሩ መሻሻሉ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ድባቴዋ የሚታወቀው፣ ሕክምናውም የሚጀመረው በዚያ ንግግር ውስጥ ነውና።

ይህ የእንግሊዞች ችግር ነው፣ እኛን አይመለከተንም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የጎልድበርግን 12 ጥያቄዎች ተጠቅሞ በ14 አገሮች፣ በ15 የጥናት ቦታዎች፣ ወደ 26,000 የሚጠጉ የተመላላሽ ሕክምና ታካሚዎችን መርምሯል። በ1995 የታተመው ውጤት እንዳመለከተው፣ ከታካሚዎቹ 24 በመቶ ያህሉ መስፈርቱን የሚያሟላ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው፤ ሐኪሞቹም በአማካይ የለዩት ግማሽ ያህሉን ነው። ከጥናቱ ቦታዎች አንዷ የናይጄሪያዋ ኢባዳን ነበረች። እዚህ በአገራችንም ከ2011 ጀምሮ በጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተካሄደው ሥራ፣ ድባቴ ይዟቸው ወደ ጤና ጣቢያ ከመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ሳይለዩ እንደሚመለሱ አሳይቷል። ስለዚህ ሁለተኛው ወንፊት በእኛም ዘንድ አለ፤ እንዲያውም ይበልጥ የጠበበ ነው።

የመጀመሪያው ወንፊት ግን በእኛ አገር መልኩ ሌላ ነው፤ ይህን ጎልድበርግም ያውቁ ነበር። ሕመምተኞች ወደ አእምሮ ሕክምና የሚደርሱበትን መንገድ በ11 አገሮች ያነጻጸረውና በ1991 የወጣው ጥናት ከአዘጋጆቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። ተመሳሳይ ጥናት በአማኑኤል ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2009 ሲታተም፣ ከታካሚዎቹ ወደ ሢሶ የሚጠጉት አስቀድመው የሄዱት ወደ ካህናትና ወደ ጸበል እንደነበረ፣ ብዙዎች ደግሞ ቀጥታ ሆስፒታሉ እንደመጡ ተገልጿል። በሰዎች እምነት ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ ሊጠመቅ እንደሚችል ለብዙዎች አስረድቻለሁ፣ ከካህናቱም የደገፉኝ አሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ በመንገዱ መካከል መሆን የነበረበት ጤና ጣቢያ በብዙዎች ዘንድ የአእምሮ ሕመም የሚታከምበት ቦታ ሆኖ አለመታሰቡ ነው። ሕዝቡም አልተሳሳተም፤ ያላቀረብንለትን አገልግሎት እንዴት ብሎ ይጠይቀናል?

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ በሚገባው ክብደት ልመልሰው። በድባቴና በጭንቀት ላይ ማተኮር በጽኑ የአእምሮ ሕመም የሚሠቃዩትን፣ በየጎዳናው ወድቀው የምናያቸውን፣ በቤት ውስጥ ታስረው የሚኖሩትን መርሳት ነው የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። ስጋታቸው እውነተኛ ነው። ነገር ግን በቡታጅራ አካባቢ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለአሥር ዓመት የተከታተለውና በ2015 የታተመው ጥናት ያገኘውን እንይ። እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ በ30 ዓመት ገደማ ቀድመው ይሞታሉ፤ ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው። እነዚህን በሽታዎች ለይቶ ማከም የጤና ጣቢያ የዕለት ሥራ ነው። ሁለተኛም፣ በ2022 የታተመ፣ በዚያው አካባቢ የተካሄደ ሙከራ፣ ጽኑ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሠልጥነው ክትትል በሚደረግላቸው የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሲታከሙ፣ የሥነ አእምሮ ነርሶች በሚመሩት የሆስፒታል ክሊኒክ ከሚታከሙት የከፋ ውጤት እንዳልገጠማቸው አረጋግጧል። እንግዲህ ጤና ጣቢያውን ማጠናከር ጽኑ ሕመምተኛውን የሚጎዳ ሳይሆን በሰፈሩ መድኃኒቱን እንዲያገኝ፣ ሳንባውም ደሙም እንዲታይለት የሚያደርግ ነው።

በአገራችን ይህ ሐሳብ አዲስ እንዳልሆነም መታወስ አለበት። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል በ1960ዎቹ እዚህ ሲሠሩ፣ ከባልደረባቸው ጋር በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ ያለውን የአእምሮ ሕመም አጥንተው በ1969 በእንግሊዝ የሥነ አእምሮ መጽሔት አሳትመዋል፤ በ1976ም ከሌላ ተመራማሪ ጋር ሆነው ታዳጊ አገሮች የአእምሮ ሕክምናን በጠቅላላ ጤና አገልግሎት ውስጥ እንዲያካትቱ የሚመክር ጽሑፍ አወጡ። ጎንደር በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የተፈጠረው የጤና መኮንን ሙያ ራሱ፣ ስፔሻሊስት በሌለበት ሁሉንም ሕመም የሚያይ ባለሙያ ለማፍራት የታሰበ ነበር፤ በእንግሊዝ የጠቅላላ ሐኪሙን ቦታ በእኛ የያዘው ይህ ሙያ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል በ1987 የሥነ አእምሮ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ የስፔሻሊስቶቻችን ቁጥር አድጓል። ዛሬ ከጥቁር አንበሳ ወይም ከየካቲት 12 ሆስፒታል በጥቂት ደቂቃ መንገድ የሚደረስባቸው ጤና ጣቢያዎች አሉን። ስፔሻሊስቱና የጤና መኮንኑ በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ክፍለ ከተማ እየሠሩ ሳይተዋወቁ መኖራቸው ርቀት ያመጣው ችግር አይደለም።

መሀል ከተማው አሁን ያለበት ሁኔታም ጉዳዩን አስቸኳይ ያደርገዋል። ጎልድበርግና ሃክስሊ በ1992 ባሳተሙት ሁለተኛ ሥራቸው፣ አንድ ሰው ለድባቴና ለጭንቀት የሚያጋልጠው ነገር፣ ሚዛኑን የሚያናጋው ክስተትና መልሶ እንዲያገግም የሚረዳው ነገር ለየብቻቸው መታየት እንዳለባቸው አስረድተዋል። ድህነትና የልጅነት መከራ ያጋልጣሉ፤ ሞትና ሥራ ማጣት ያናጋሉ፤ የሚያዳምጥ ዘመድና ጎረቤት ደግሞ መልሶ ያቆማል። በፒያሳና በካዛንቺስ ሰፈሮች በልማት ምክንያት ሲነሡ፣ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል። የተሻለ ቤት ያገኙ አሉ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ዕድርተኛው ተበትኗል፤ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች ተለያይተዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ሁለትና ሦስት ታክሲ ይዘው ወደ ቀድሞ ጤና ጣቢያቸው ይመጣሉ፤ የሚናገሩትም ስለ ደም ግፊታቸውና ስለ ራስ ምታታቸው ነው። የደም ግፊቱን ለክቶ መድኃኒቱን ከማዘዝ በተጨማሪ «አዲሱ ሰፈር እንዴት ነው እማማ? የሚጠይቅዎት ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ሕክምና ነው እላለሁ። የጠየቅናቸው ጊዜ መልሱ ብዙውን ጊዜ በእንባ ይጀምራል።

ጎልድበርግ በ1990ዎቹ ወደ ለንደን ተመልሰው በሥነ አእምሮ ኢንስቲትዩት የምርምር ኃላፊ ሆኑ፤ በስማቸው የተሰየመ ማዕከልም እዚያው አለ። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ፣ የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛውን የበሽታዎች ምደባ ሲያዘጋጅ ለጠቅላላ ጤና ባለሙያዎች የሚሆነውን የአእምሮ ሕመሞች ክፍል የሚያማክረውን ቡድን መርተዋል። በዚያ ሥራ ድባቴና ጭንቀት ተደባልቀው የሚታዩበትን ሁኔታና በአካል ላይ የሚገለጽ ጭንቀትን ለጤና ጣቢያ ባለሙያ በሚመች መንገድ ለማስቀመጥ ደክመዋል። ከፍተኛ የሥነ አእምሮ ሊቅ ሆኖ ዕድሜን ሙሉ ስለ ተራው ምርመራ ክፍል ማሰብ ብርቅ ነው፤ ለእኔ ከማዕረጋቸው ሁሉ ይልቅ የሚያስከብራቸው ይህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ በየክፍለ ከተማው ላሉ ጤና ጣቢያዎች አንድ የሥነ አእምሮ ነርስ ወይም ሐኪም በቋሚነት ይመድብ፤ ተመዳቢው ግን ሪፈር የተደረጉ ታካሚዎችን ብቻ የሚያይ ሳይሆን፣ በሳምንት የተወሰነ ቀን ከጤና መኮንኖች ጋር ተቀምጦ አብሮ የሚመረምርና የሚያርም ይሁን። ታካሚው ከፈቀደ ምርመራውን በስልክ ድምፅ ቀርጾ አብሮ መስማት የሚጠይቀው ወጪ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ምሥጢሩ የሚጠበቅበት ደንብ ነው። ለድባቴ የሚሰጡት ፍሎክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ከጤና ጣቢያዎቻችን መድኃኒት ቤት እንዳይጠፉ ይደረግ፤ መድኃኒት ጀምራ ለሁለተኛው ወር ስትመጣ «አልቋል» የተባለች ሴት ዳግመኛ አትመለስም። ከሁሉም ይልቅ፣ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ በሩ የሚዘጋ፣ አንድ ባለሙያና አንድ ታካሚ ብቻ የሚቀመጡበት ክፍል ይኑር። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ታካሚዎች ክትትል ክፍልና መዝገብ እንዳላቸው ሁሉ፣ ለድባቴ ሕክምና የጀመረ ሰውም ቀጠሮው የሚመዘገብበትና ሲቀር የሚፈለግበት መዝገብ ያስፈልገዋል። መጠይቁን ለመጣው ሁሉ ማስሞላት በቂ ነው ብዬ አላምንም፤ የሞላውን ወረቀት አንብቦ የሚያነጋግረው ሰው ከሌለ ወረቀቱ ካርድ ውስጥ ይቀራል።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹም አንድ ልመና አለኝ። ስለ አእምሮ ጤና በምትዘግቡበት ጊዜ ከሆስፒታሉ ኃላፊ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጤና ጣቢያዎች ባለሙያዎችም ጋር ተነጋገሩ፤ የጤና ቢሮውንም በከተማዋ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በስንቶቹ ለድባቴ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች መዝገብ እንዳለ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ሰዎች እንደተመዘገቡበት፣ ከእነዚህም ስንቶቹ ለሦስተኛ ቀጠሮ እንደተመለሱ ጠይቁልን፤ መልሱንም እንዳለ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጤና መኮንን
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ